ሴፍቲኔት፣ ቀጥታ ድጋፍ፣ ጥሪት ወይስ ጤና መድን? የድህነት ፕሮግራሞችን በኪሎ መመዘን

በየዓመቱ በጀት ሲቃረብ ተመሳሳይ ጥያቄ ከሦስት ዓይነት ሰው ይመጣብኛል። የወረዳ ባለሙያው «ካቢኔው ለድሃ ድሃ የምትሆን ትንሽ ገንዘብ ሊመድብ ነው፤ ምን ላይ ብናውላት ይሻላል?» ይላል። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛዋ «የመንግሥቱን ፕሮግራም እንደግፍ ወይስ የራሳችንን እንክፈት?» ትላለች። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ተቀምጦ ለትውልድ ቀበሌው መዋጮ የሚያሰባስበው ወንድማችን ደግሞ «ለአንድ ቤተሰብ ስንት ብንልክ ከድህነት ይወጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም እጅ ላይ ሪፖርት አለ፤ ሪፖርቱ ላይ ደግሞ ሁሉም ፕሮግራም «ውጤታማ» ነው።

ችግሩ ፕሮግራሞቹ የተለያየ ሥራ እየሠሩ በአንድ ስም መጠራታቸው ነው። አንዱ የረሃብ ወራትን ያሻግራል። አንዱ በሬ እንዳይሸጥ ያግዳል። አንዱ በሽታ ቤት እንዳያፈርስ ይከላከላል። አንዱ ላም ይገዛል። ሁሉንም «ድህነት ቀነሰ ወይ?» በሚል ነጠላ ጥያቄ ማወዳደር ማጭድንና ማረሻን እንደ ማወዳደር ነው። ስለዚህ አማራጮቹን ከማየታችን በፊት መመዘኛው ላይ እንስማማ።

መመዘኛው

ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ክፍያው ተቀባዩ እጅ በገባበት ሳምንት፣ በአቅራቢያው ገበያ ስንት ኪሎ እህል ይገዛል?

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። የገጠሩ ልማታዊ ሴፍቲኔት (ድሃ ቤተሰብ በሥራ ወይም ያለ ሥራ እህል ወይም ብር የሚያገኝበት የመንግሥት ፕሮግራም) በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር የሆነው 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነበር፤ ኪሎው 2 ብር ገደማ ነበርና። በወር 5 ቀን ሲሠራበት ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ይሆናል። 15 ኪሎ ለ30 ቀን ሲከፈል በቀን ግማሽ ኪሎ ነው፤ ከ1,700 እስከ 1,800 ካሎሪ ቢሰጥ ነው። አንድ ሰው በቀን ያስፈልገዋል ከሚባለው 2,100 ያንሳል፣ ነፍስ ግን ያቆያል። ከዚያ በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሽቅብ ወጣ፤ የቀን ክፍያው 8 ብር ገባ። ኪሎው 4 ብር በደረሰበት ገበያ 8 ብር ማለት 2 ኪሎ ነው። ወረቀቱ ላይ ክፍያው በሲሶ አድጓል፤ ከጆንያው ግን ሲሶው ጎድሏል። በዚያ ሰሞን ተጠቃሚዎች «ብሩ ይቅርና እህሉ ይሰጠን» ማለት የጀመሩት ወደው አልነበረም።

ስለዚህ ብር የሚያድል ማንኛውም ፕሮግራም ሲቀርብላችሁ የተጠቃሚውን ቁጥር ከማየታችሁ በፊት የክፍያውን ልክ ጠይቁና በበቆሎ ወይም በማሽላ ዋጋ አካፍሉት። አካባቢው የሚበላውን እህል ያዙ፤ ጤፍ አይሁን፣ የድሃ ድሃ የሚባለው ቤተሰብ ጤፍን ከገዛው ይልቅ የሸጠው ይበዛልና። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ «ክፍያው ለመጨረሻ ጊዜ የተከለሰው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የግምገማ ሠንጠረዥ በላይ ይናገራል።

ሁለተኛው መመዘኛ ቀኑ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ ለዳሰሳ ጥናት ቤት ለቤት ስንዞር አንዲት እናት መጠይቁን ሁሉ በትዕግሥት መለሱልኝ። «ክፍያው በሰዓቱ ይደርስዎታል?» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ። «ልጄ፣ የጥር ብር በመጋቢት ሲመጣ የእኔ አይደለም፣ የነጋዴው ነው» አሉኝ። በዱቤ የበሉትን እህል ሲመልሱ ዋጋው ሌላ ነው። እኔ የያዝኩት ቅጽ ላይ የነበረው ምርጫ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነበር። ዘግይቶ የመጣ ክፍያ በሂሳብ መዝገብ ሙሉ ነው፤ በጓዳ ግን ሸራፋ ነው።

ሦስተኛው ልየታ ነው፤ ማን ተመዘገበ፣ ማን ቀረ? የሕንድ የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ሲውል፣ ሥራ የጠየቀ የገጠር ቤተሰብ ሁሉ በዓመት እስከ 100 ቀን የመሥራት መብት እንዲኖረው አድርጎ ነበር። በእኛ አገር ሴፍቲኔት መብት ሳይሆን ኮታ ነው። ኮታው ከላይ ይወርዳል፣ ቀበሌው ይደለድላል። ድሃው ከኮታው ሲበልጥ ኮሚቴው ሰው ላለማስቀየም የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ አምስት ነፍስ ያለበትን ቤት ሦስት ብሎ ይመዘግባል፣ የተረፈውን ለጎረቤት ያካፍላል። ከማኅበራዊ ኑሮ አንጻር አስተዋይነት ነው። ከምግብ አንጻር ግን 15 ኪሎው 9 ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የስም ዝርዝሩን ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ቁጥሩን እዩ፤ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ባለፈው ዓመት ስንት አቤቱታ ሰምቶ ስንቱን እንደቀየረም ጠይቁ። «ቅሬታ አልቀረበም» የሚል መልስ ካገኛችሁ ኮሚቴው በወረቀት ላይ ብቻ እንዳለ ቁጠሩት።

አራተኛው የሚጠየቀው ጉልበት ነው፤ እርጉዝ፣ አሮጊት፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት ይህን ክፍያ ለማግኘት ምን ትከፍላለች? አምስተኛው ደግሞ ድጋፉ ሲቆም የሚሆነው ነው። «ስንት ሰው ተመረቀ?» (ማለትም ራሱን ችሎ ከፕሮግራሙ ወጣ) የሚለው ቁጥር ከሁሉ የሚያታልለው ነው፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ድህነት መስመርም አንድ ነገር ልበል። የዓለም ባንክ በ2017 ዓ.ም. የከፋ ድህነትን መስመር በቀን ከ2.15 ዶላር ወደ 3 ዶላር ሲያነሳው በዓለም ላይ የከፋ ድሃ የሚባለው ሕዝብ ቁጥር ባንድ ጊዜ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ጨመረ። የማንም መሶብ ግን በዚያች ሌሊት አልጎደለም። ብሔራዊ ቁጥሮች ለአገር ጥሩ ናቸው፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ለመምረጥ ግን አይረዱም።

የገጠር ሴፍቲኔት፦ የማኅበረሰብ ሥራ

አገሪቱ በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቸኳይ ዕርዳታ ከፈለገ በኋላ ነው ይህ ፕሮግራም የተወለደው። በየዓመቱ «ድርቅ መጣ፣ ስንዴ ላኩ» ከማለት፣ ረሃቡ አስቀድሞ ለሚታወቀው ቤተሰብ አስቀድሞ በጀት መያዝ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበር። በ5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ጀምሮ ወደ 8 ሚሊዮን ደርሷል። አብዛኛው ተጠቃሚ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት እርከን ይሠራል፣ ክትር ይክባል፣ ጥርጊያ መንገድ ያወጣል፣ ኩሬ ይቆፍራል።

በዕቅዱ መሠረት ከሄደ አምስት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ በወር 75 ኪሎ፣ በስድስት ወር አራት ኩንታል ተኩል እህል ወይም ተመጣጣኝ ብር ያገኛል። ይህ ትንሽ አይደለም። መሬቱ ለአምስትና ስድስት ወር ብቻ ለሚያበላው ቤት ልዩነቱ ጥጃ መሸጥና አለመሸጥ ነው።

በተግባርስ? የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግምገማ አንጀት የሚያርስ አልነበረም። ብዙ ቤተሰብ ያገኘው ከታቀደለት በእጅጉ ያነሰ ስለነበር አማካይ ለውጡ ለማየት ያስቸግር ነበር። ቆይተው የተሠሩት ጥናቶች ግን ሌላ ታሪክ አወጡ፤ አምስት ዓመት በተከታታይ የቆየ ቤተሰብ አንድ ዓመት ብቻ ከቆየው ጋር ሲነጻጸር የምግብ ክፍተቱ፣ ማለትም ቤቱ የሚበላው የሚያጣበት ጊዜ፣ በአንድ ወር ገደማ አጥሯል። ይኸው ሴፍቲኔት ከብድርና ከግብርና ድጋፍ ጋር ሲጣመር ደግሞ ወደ አንድ ወር ተኩል ቀርቧል። የዓለም ባንክ በ2007 ዓ.ም. ያወጣው የድህነት ግምገማም ክፍያው በቀጥታ ብቻ የአገሪቱን የድህነት መጠን በሁለት የመቶኛ ነጥብ ያህል እንደቀነሰ አስልቷል።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ ሴፍቲኔት የሚሠራው መጠኑ ሳይጎድል፣ ለዓመታት ሳይቋረጥ ሲሰጥ ነው። ግማሽ ክፍያ ለእጥፍ ሰው ማደል ግማሽ ውጤት አያመጣም፤ ወደ ምንም ይጠጋል። ካቢኔ ይህን መስማት አይወድም።

ጉድለቶቹን ላስቀምጥ። ሥራውና ክፍያው በበጋ ነው፤ በመኸር አብቃዩ አገር ጓዳው ባዶ የሚሆነው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የሕፃናትን መቀንጨር በመቀነስ በኩል ጥናቶቹ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም፤ እህል ሆድ ይሞላል እንጂ እንቁላልና ወተት አይሆንም። እርከኑ ለማን መሬት እንደሚጠቅምም ማሰብ ያሻል፤ ኮረብታው ሲያገግም ከግርጌው ያለው ባለ ማሳ ይጠቀማል፣ ድንጋይ ያነሳችው መሬት የለሽ ግን ቀን ክፍያዋን ብቻ ይዛ ትሄዳለች።

አሁን የምረቃው ነገር። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የሴፍቲኔት ተጠቃሚውን ከ7 ሚሊዮን በላይ ከነበረበት በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 1.3 ሚሊዮን ለማውረድ አልሞ ነበር። ዒላማው ወደ ወረዳ ሲወርድ ኮታ ሆነ፤ ኮታው ደግሞ የምስክር ወረቀት ሆነ። በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኖ ድርቅ ሲመታ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ ምግብ ፈለገ፤ ያውም በሴፍቲኔት ካለው 8 ሚሊዮን ገደማ ሌላ። «ተመራቂ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ከሁለት ዓመት በፊት ከተመረቁት ውስጥ ዛሬ ስንቱ ላሙ አለችው?» በሉ።

ቀጥታ ድጋፍ

ይህ ያለ ሥራ የሚሰጠው ነው፤ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ ሠርቶ የሚያበላ ለሌለው ቤት። ከሴፍቲኔቱ ተጠቃሚ አነስተኛው ክፍል ነው። ከ2007 ዓ.ም. በኋላ በነበረው ምዕራፍ ቋሚ ተጠቃሚዎች ለስድስት ሳይሆን ለ12 ወር እንዲያገኙ ተደረገ። ይህ ብዙ ያልተነገረለት ትልቅ ማሻሻያ ነው።

እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶችም ከማኅበረሰብ ሥራ ወጥተው በጊዜያዊነት ወደ ቀጥታ ድጋፍ መዛወር አለባቸው። በመመሪያ አለ፣ በሜዳ ላይ ግን ሴትዮዋ ሆዷ እስኪገፋ ድንጋይ ስታቀብል የሚታይበት ጊዜ አለ፤ ለኮሚቴው መናገር ታፍራለች ወይም መብቷ መሆኑን አታውቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስሟን ለቀበሌው የምታስተላልፍበት አሠራር መኖሩን ብቻ ማጣራት የፕሮግራሙን ጥራት ይነግራችኋል።

«ሥራ ሳይሠራ ብር መስጠት ስንፍና ያመጣል» የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም። የሰማንያ ዓመት ባልቴት ምን ትሰንፋለች? በትግራይ በአብይ ዓዲ ከተማና በሕንጣሎ ዋጅራት ወረዳ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተሞከረው ማኅበራዊ የገንዘብ ድጋፍ መነሻው በወር 155 ብር ነበር፤ ልጅ ወይም አካል ጉዳተኛ ሲኖር ይጨመርበታል። የቤተሰቦቹ የምግብ ሁኔታ ተሻሽሏል። ያ 155 ብርም ግን ገበያው እየገሰገሰ ሳለ ባለበት ሲቆይ ከወር ወር እየቀለለ ሄዷል። እንደገና ኪሎው።

የቀጥታ ድጋፍ ትልቁ ጥቅም ለማስተዳደር ቀላል መሆኑ ነው፤ መሐንዲስ፣ የቀን ሥራ መዝገብ፣ አካፋና ዶማ አያስፈልገውም። ትልቁ ድክመቱ ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው። አንዴ ከተጀመረ ማቋረጥ ግፍ ነው፤ የሁለት ዓመት ገንዘብ ብቻ ያለው ሰው ባይጀምረው ይመረጣል።

ጥሪት ማፍሪያ፦ ብድርና ስጦታ

እዚህ ጋ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች በአንድ ከረጢት ይገባሉ። አንዱ ብድር ነው። ሴፍቲኔቱ ሲጀመር «ፓኬጅ» እየተባለ በግ፣ ቀፎ፣ የሚደልብ በሬ በብድር ይሰጥ ነበር። ዝናብ ከሰመረና ገበያው ከቀና ጥሩ ነው። ካልሆነ ግን በጉ ይሞታል፣ ዕዳው አይሞትም፤ ብድሩን ለመመለስ ከዚያ በፊት የነበራቸውን ከብት የሸጡ አሉ። ለድሃ ድሃ በብድር መጀመር፣ በእኔ ግምት፣ ስህተት ነው። ከዚያ ከፍ ላለው፣ በሬ ላለውና ቀለቡን ለማያጣው ገበሬ ግን ከሁሉ የተሻለው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ስጦታ ነው። ከ2007 ዓ.ም. በኋላ በነበረው የሴፍቲኔት ምዕራፍ በጣም ድሃ ለሆኑት ቤተሰቦች 200 ዶላር የሚሆን የአንድ ጊዜ የኑሮ ማቋቋሚያ ከሥልጠናና ከክትትል ጋር ተካቶ ነበር። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ከባንግላዴሽ የመጣው፣ ከብት፣ የተወሰነ ጊዜ ቀለብ፣ ሥልጠና፣ ቁጠባና በየሳምንቱ ቤት ድረስ የሚመጣ አማካሪን ባንድ ላይ የሚሰጠው አካሄድ ነው። በ2007 ዓ.ም. በስድስት አገሮች የተደረገ የዕጣ ንጽጽር ሲታተም አንዱ ቦታ የእኛው ውቅሮ ነበር፤ በዚያም ቀለቡ ከሴፍቲኔቱ ነው የመጣው። በአብዛኞቹ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ድጋፉ ካለቀ ከዓመት በኋላም ቤተሰቦቹ የሚበሉትና ያላቸው ሀብት ዕጣው ካልወጣላቸው ይበልጥ ነበር። በሆንዱራስ ግን ነገሩ ከሸፈ፤ የታደሉት ምርጥ ዘር ዶሮዎች በበሽታ አለቁ። «ምርጥ ዘር» የሚል ቃል በፕሮጀክት ሰነድ ላይ ባየሁ ቁጥር ያ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ቢሮ ተቀምጦ የመረጠው ሰው ዶሮውን አይቀብርም፤ ቤተሰቡ ራሱ ይምረጥ።

ይህ አማራጭ ለአንድ ቤተሰብ ከሁሉ ውዱ ነው፤ የሚወደደው ከከብቱ ይልቅ በአማካሪው ነው። አንድ የልማት ሠራተኛ ላይ መቶ ቤት ከተጫነ «ክትትል» የሚለው ክፍል ከወረቀት አልፎ አይሄድም።

የከተማ ሴፍቲኔት

ከተሜው ድሃ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ነበር። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ዒላማው 604 ሺህ ሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። ጎዳና የሚጠርጉትን፣ ቦይ የሚያጸዱትን፣ በየአደባባዩ ችግኝ የሚያጠጡትን እናቶች ያላየ የለም። ክፍያው በባንክ ሂሳብ ይገባል፣ ከፊሉ በግዴታ ይቆጠባል፤ የሥራው ቀን በሦስት ዓመት ውስጥ እየቀነሰ ሄዶ ተጠቃሚው በማቋቋሚያ ገንዘብ ወደ ራሱ ሥራ እንዲሻገር ይጠበቃል።

በአዲስ አበባ በመጀመሪያው ዙር የሚገቡት ወረዳዎች በዕጣ ስለተለዩ ውጤቱን በንጽህና መለካት ተችሏል። አስገራሚው ግኝት የተጠቃሚዎቹ ገቢ ማደጉ አይደለም፤ እሱ የሚጠበቅ ነው። ድሆቹ ጉልበታቸውን ለመንግሥት ሥራ ሲያውሉ በግሉ ገበያ የቀን ሠራተኛ ስላነሰ የዚያው የጉልበት ዋጋ ጨመረ፤ በፕሮግራሙ ያልታቀፈው ድሃም ተጠቀመ። «የተመዘገበው ብቻ ነው የሚጠቀመው» የሚለውን ክርክር ይህ ያላላዋል።

የሚሰበረው ሽግግሩ ላይ ነው። ማቋቋሚያው በእጅ ሲገባ አብዛኛው ሰው የሚያውቀውን ይጀምራል፤ ጉሊት፣ እንጀራ መጋገር፣ ሻይ ቡና። አንድ ሰፈር ውስጥ አርባ ሴቶች በአንድ ወር እንጀራ መሸጥ ቢጀምሩ ማን ይገዛል? የመሸጫ ቦታ ጉዳይም አለ፤ በአንድ እጅ ማቋቋሚያ ሰጥቶ በሌላው ከመንገድ ዳር ማስነሳት ራሱን የሚያፈርስ ፖሊሲ ነው። የቤት ኪራይ ደግሞ በኪሎ የማይመዘን ሌላ አበሳ ነው፤ በከተማ ስንመዝን ከእህሉ ጎን የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ መጨመር አለበት።

ጤና መድንና ነጻ ሕክምና

ብዙ ሰው ይህን ከድህነት ፕሮግራም አይቆጥረውም፤ እኔ ግን በብር ሲመዘን ከሁሉ ርካሹና የተናቀው ብዬ አምናለሁ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ተስፋፋ። አባል ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ መክፈል የማይችለውን ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። ቀድሞ የነበረው «የድሃ ወረቀት» ሰው ከታመመ በኋላ በቀበሌ ደጅ የሚጠናበት ነበር፤ መድኑ አስቀድሞ ነው፣ ልዩነቱም ይኸው ነው።

አንድ ከባድ ሕክምና ከሴፍቲኔት የተገኘውን ጠራርጎ ሊበላ ይችላል። ሴፍቲኔትና መድን ያላቸውን ቤተሰቦች ያጠኑ ተመራማሪዎች ሁለቱን ባንድ ላይ የያዘው ቤት ዕዳው እንደቀነሰና ከብቱም እንደጨመረ አግኝተዋል። ይህ ማለት መድኑ የሌላውን ፕሮግራም ፍሬ ይጠብቃል።

ችግሩ መድኃኒት ነው። ካርድ ይዞ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው «የለም፣ ከውጭ ግዛ» ከተባለ በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። መዋጮ ከመክፈላችሁ በፊት የጤና ጣቢያውን መድኃኒት ቤት እዩት።

ዕለት ደራሽ ዕርዳታ እና የትምህርት ቤት ምገባ

ዕርዳታ ምርጫ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚመጣ ነው። መደበኛው ራሽን በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ድርቅና ጦርነት ባለበት የሚተካው የለም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ሩቅ ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዕርዳታው ለሌላ ዓላማ ውሏል ተብሎ ለወራት በአገር አቀፍ ደረጃ ሲቆም፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ፣ ውሳኔው የተወሰነው ከተራቢው በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነው።

የትምህርት ቤት ምገባን በአዲስ አበባ እንዳየነው ከተማው በራሱ በጀት ሊያስኬደው ይችላል። ልጁ በረሃብ ከክፍል አይቀርም፣ የሰፈር እናቶችም በምግብ ሥራው ይቀጠራሉ። ነገር ግን ትምህርት ቤት ያልገባውን ታናሽ ወንድም አያበላም፤ ክረምት ላይም ይዘጋል።

ባጭሩ

| አማራጭ | በይበልጥ ለማን | በደንብ የሚሠራው | የሚሰበርበት | የሚጠይቀው አቅም |
|---|---|---|---|---|
| የማኅበረሰብ ሥራ | ጉልበት ላለው፣ መሬት ለሚያንሰው ገበሬ | የምግብ ክፍተት ማሳጠር፣ ጥሪት እንዳይሸጥ ማገድ | የዘገየ ክፍያ፣ የተሸረፈ ኮታ፣ የችኮላ ምረቃ | ከፍተኛ፤ ባለሙያ፣ መሣሪያ፣ መዝገብ |
| ቀጥታ ድጋፍ | አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ እርጉዝ | ዓመቱን ሙሉ ቀለብ | ካልተከለሰ በዋጋ ንረት ይሟሟል | ዝቅተኛ፤ ግን ለዘለቄታው |
| ጥሪት በስጦታ | ቀለቡ የተሸፈነለት የድሃ ድሃ | ለዓመታት የሚዘልቅ ገቢ | ያለ ክትትል፣ ባልመረጡት ከብት | በጣም ከፍተኛ ለአንድ ቤት |
| ብድር | ከድሃ ድሃ ከፍ ላለ | ሥራ ማስፋት | ድርቅ ሲመጣ ዕዳ ይሆናል | መካከለኛ |
| የከተማ ሴፍቲኔት | ሥራ አጥና የቀን ሠራተኛ ከተሜ | ገቢ፣ ቁጠባ፣ የጉልበት ዋጋ | ሽግግር፣ የመሸጫ ቦታ፣ ኪራይ | ከፍተኛ |
| ጤና መድን | ሁሉም ድሃ | ከሕክምና ዕዳ መጠበቅ | መድኃኒት ሲጠፋ | ዝቅተኛ |
| ዕለት ደራሽ ዕርዳታ | አደጋ የደረሰበት | ነፍስ ማዳን | መቋረጥ፣ መመዝበር | በጣም ከፍተኛ፤ መጓጓዣ |

ማን ምን ይምረጥ?

*ትንሽ በጀት ያለው ወረዳ።* አዲስ ፕሮግራም አትክፈቱ። መጀመሪያ በሴፍቲኔት ላሉት ቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች በሙሉ የጤና መድን መዋጮውን ክፈሉ፤ ዝርዝሩ በእጃችሁ ስላለ አዲስ ልየታ አያስፈልግም። ገንዘብ ከተረፈ ለመጠባበቂያ ያዙት፤ የፌዴራሉ ክፍያ በዘገየ ወር ለእነዚሁ ቤቶች የሚቀደም ይሁን። ሥራ ከሚችለው ይልቅ የማይችለውን አስቀድሙ፤ ክፍያ ሲዘገይ ጉልበት ያለው ለቀን ሥራ ይሄዳል፣ ባልቴቷ የትም አትሄድም።

*መካከለኛ በጀት ያለው ድርጅት።* የመንግሥቱ ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳ ቀለብ ማደሉን ተዉትና እሱ የማይችለውን አማካሪውን አምጡ። ሁለት ሺህ ቤት በቀላሉ ከመንካት ሦስት መቶ ቤትን ለሁለት ዓመት መከታተል ይበልጣል። ሴፍቲኔት በሌለበት ወረዳ ግን ከብት ሰጥቶ መሄድ አያዋጣም፤ የተራበ ቤት በጓን ወይ ይሸጣታል ወይ ያርዳታል፣ ያደረገውም ትክክል ነው።

*የሕፃናት ምግብ ያሳሰበው።* ከላይ ያሉት ብቻቸውን አይበቁህም። ቀጥታ ድጋፍ ለእርጉዝና ለሚያጠቡ እናቶች በሰዓቱ እንዲደርስ ማድረግ፣ በዚያ ላይ ዶሮ ወይም የጓሮ አትክልት መጨመር የተሻለው መንገድ ነው። ንጹሕ ውሃ በሌለበት ግን ይህም ያፈሳል።

*ከውጭ አገር የሚልክ የልማት ማኅበር።* ብዙ ጊዜ ገንዘቡ የሚመጣው ባንድ ጊዜ፣ በበዓል ሰሞን ነው፤ ቀጥሎ ለዓመታት መምጣቱ እርግጥ አይደለም። ስለዚህ ተከታታይነት የሚጠይቀውን ቀጥታ ድጋፍ አትጀምሩ። ባንድ ጊዜ ገንዘብ የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው፦ የአንድ ዓመት የመድን መዋጮ ለተለዩ ቤተሰቦች፣ ወይም ቀለባቸው በሴፍቲኔት ለተሸፈነ ጥቂት ቤተሰቦች ጥሪት በስጦታ። ስሙን ዘመድ አይምረጥ፤ በቀበሌው ፊት በይፋ ይነበብ፣ የቀረ ሰው ካለ እዚያው ይናገር። «ለሁሉም እኩል እናካፍል» የሚል ሽማግሌ መነሳቱ አይቀርም። ያኔ በምላሹ ብሩን ለቤቱ ሁሉ አካፍላችሁ፣ የደረሰው ስንት ኪሎ ማሽላ እንደሚገዛ እዚያው ጉባኤው ላይ አስሉለት።

*ከተማ አስተዳደር።* የማቋቋሚያ ገንዘብ ከመልቀቃችሁ በፊት የመሸጫ ቦታውን አዘጋጁ። በአንድ ሰፈር ስንት ሰው ምን ሊጀምር እንዳሰበ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አርባው እንጀራ ካሉ ሃያውን ወደ ሌላ ሥራ ማግባባት የሚቻለው ምጣዱ ሳይገዛ ነው።